ደረሰኝ ተደምሮ ዋጋ አይሆንም

"በከፊል በትዕዛዝ የተሠራ ያገለገለ የአደን ጠመንጃ ዋጋው የወጣበት ወጪ ድምር ነው" የሚል አስተያየት ሰሞኑን ደጋግሜ አየሁ። ወዳጆቼ፣ ልክ አይደለም። እዚህ ሐዋሳ ባጃጁን በወንበርና በስፒከር ያሳመረ ሰው ሲሸጥ ያን ሁሉ ብር አያገኝም። የአሜሪካ የጠመንጃ ገበያም እንዲሁ ነው።

ሰደፉ፣ ማለትም ትከሻ ላይ የሚደገፈው ክፍል፣ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው በመጀመሪያው ባለቤት ክንድ ልክ ነው። ክንዱ አጭር ከነበረ ረጅም ሰው አይመቸውም። እንደ ልብ የማይገኝ ጥይት የሚጎርስ ከሆነማ ገዢ ይሸሻል። በርሜሉ፣ ማለትም ጥይቱ የሚያልፍበት ቱቦ፣ ደግሞ በተተኮሰ ቁጥር ውስጡ እየተበላ ይሄዳል።

ለማጣራት ሻጩ የጠራውን ተዉት፤ ተመሳሳዩ በጨረታ የተሸጠበትን ዋጋ እዩ። የበርሜሉንም ውስጥ የሚያውቅ ሰው በመብራት ይየው። አሜሪካ ያለ ዘመዳችሁን ዝም ብላችሁ "ግዛው" ካላችሁት፣ ሌላ ሰው ለራሱ ምቾት ያወጣውን ወጪ እሱ ይከፍላል።