ተኩሶ ለሚጠይቅ አባወራ

መሣሪያ ያለው ሰው ይረጋጋ፣ ቀድሞ ይዘጋጅ፣ ከመተኮሱ በፊት ያጣራ የሚሉ መካሪዎች በዝተዋል። እኔ ግን እስከ ዛሬ ተገቢውን ምስጋና ያላገኘ አንድ ጀግና አለ ባይ ነኝ። እርሱም ኮሽ ባለ ቁጥር ተኩሶ ሲያበቃ «ማነህ?» የሚለው አባወራ ነው።

የመጋዘን ዘበኛ እንኳ ሥራ ሲጀምር የሚማረው «ቁም! ማነህ?» ማለትን ነው። አላዋቂ! ጠይቆ፣ መልስ ጠብቆ፣ ድምፅ ለይቶ፣ ከዚያ በኋላ አስቦ፤ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ይነጋል። የእኛ አባወራ ግን ጊዜ አያባክንም። ጥያቄውን ወደ መጨረሻ አዛውሮታል፤ መልስ መስጠት የሚችል ሰው ከተረፈ ይመልሳል።

አዳሩን ላላየ ሰው ዝግጅቱ አይገባውም። ክላሹ ትራስጌ ነው፤ ካዝናው ሠላሳ ጥይት እንደ ጎረሰ፣ አንዷም በርሜሉ ውስጥ ገብታ ተቀባብሎ ያድራል። አፈሙዙ በግድግዳው በኩል ልጆቹ ወደሚተኙበት አልጋ ያያል። መሣሪያውን ቆልፎ፣ ጥይቱን ለብቻው አስቀምጦ የሚተኛ ሰው አለ ሲሉት ከልቡ ይስቃል። እውነቱን ነው፤ ተቆልፎ የተቀመጠ መሣሪያ ምን ይረባል? ልጅ እንኳ አያገኘውም።

ስለ መሣሪያው ያለው እውቀትም ቀላል አይደለም። በክላሽንኮቭ ቀኝ ጎን ያለችው ረጅም ብረት፣ ወደ ላይ ስትሆን መሣሪያውን ትዘጋለች፤ አንድ ደረጃ ስትወርድ በተከታታይ ታስተኩሳለች፤ እስከ ታች ስትወርድ ነጠላ ነጠላ። የደነገጠ ወታደር ብረቷን በኃይል ቢጫን እስከ ታች ወርዳ ነጠላ ላይ እንድታርፍ ነው እንዲህ የተሠራችው ይላሉ። የኛ ሰው ይህን ጣጣ ከሥሩ ነቅሎታል። ብረቷን ገና ከመግዣው ቀን ጀምሮ መሀል ላይ አስቀምጧታል። ጣቱም እንደዚሁ ነው፤ ምላጩ ላይ አድሮ ምላጩ ላይ ይነቃል።

አሁን ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው እንበል። ጣሪያው ላይ ድመት ዘለለች፤ ቆርቆሮው ተንኳኳ። ቀጥሎ የጓሮ በር ሲጢጥ አለ። በብዙዎቻችን ግቢ መጸዳጃ ቤቱ ከቤት ውጪ መሆኑን፣ በዚህ ሰዓት ደግሞ ጓሮ ለጓሮ የሚሄድ ሰው ከሌባ ይልቅ ፊኛው የሞላ ቤተሰብ የመሆኑ ነገር እንደሚያይል ተራ ሰው ያስብ ይሆናል። ጀግና ግን አያስብም። በውስጥ ሱሪው ወጣ፣ ተኮሰ። አንዱ ጥይት የውጪውን በር ቆርቆሮ በሳ፤ ሌላው የውሃውን ታንከር፤ ሦስተኛው የጎረቤትን ማድቤት በአንዱ ግድግዳ ገብቶ በሌላው ወጣ። የክላሽ ጥይት በሰከንድ ከሰባት መቶ ሜትር በላይ እየበረረ ነው የሚወጣው፤ ጭቃና ጭድ አያስቆመውም፤ ባዶ ብሎኬትም ብዙ አያስቸግረው።

ጭሱ ሲበተን ታሪካዊው ጥያቄ ቀረበ፤ «ማነህ?»

ጎመን መደቡ ውስጥ በደረታቸው የተኙት፣ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ የጣሉት፣ የውሃ ጣሳቸውን ያልለቀቁት አማቱ ናቸው። «እኔ ነኝ፣ ልጄ። ጨረስክ ወይስ ትጨምራለህ?»

የሠፈሩ አንድነትም ሊወሳ ይገባል። ተኩስ ሰምቶ ዝም ማለት ነውር ነውና ጎረቤት ሁሉ ከያለበት ወደ ሰማይ ይመልሳል። አንዱ ምንሽር፣ አንዱ ሽጉጥ፣ አንዱ ከአባቱ የወረሰውን፣ ጥይቱ ከባለቤቱ የሚያረጀውን። ወደ ላይ የተተኮሰ ጥይት የት እንደሚደርስ ሲጠየቁ ሰማዩን ያመለክታሉ። ተመልሶ እንደሚወርድ፣ ሲወርድም ሰው እንደሚገድል የሚናገር ጨለምተኛ ይባላል። ክረምት ሲገባ በቆርቆሮው ቀዳዳ እየፈሰሰ ያስቸገራቸውን ዝናብ ግን የሚያማርሩት አምላክን ነው።

ሌባውስ? እሱ በዚያ ሌሊት አጥር ሥር ተቀምጦ የየቤቱን ድምፅ እየለየ ነበር። የትኛው ቤት ክላሽ እንዳለ፣ የትኛው ሽጉጥ ብቻ እንደያዘ፣ የማን ጥይት ቶሎ እንዳለቀ ያለ ምንም ድካም አወቀ። ለነገሩ የጀግናውን መሣሪያ ቀድሞም ያውቀዋል፤ በየሠርጉና በየክርስትናው ከካፖርቱ ሥር ብቅ ሲል ያላየው የለም። ዋጋው ከአንድ ጥማድ በሬ የሚበልጥ ዕቃ ቤት ውስጥ እንዳለ ለሠፈሩ ሁሉ ማሳወቅ ራሱን የቻለ የጥበቃ ስልት ነው።

ይህን የመሰለ ዝግጅት ያለው ሰው በጥቃቅን ነገር አይጠመድም። የበሩ መወርወሪያ ካለፈው መስቀል ጀምሮ ወልቋል። የግቢው አምፖል ተቃጥሏል። ውሻው ብዙ ይበላል ተብሎ ተሰጥቷል። የፖሊስ ጣቢያው ስልክ ቁጥር በማንም ስልክ ውስጥ የለም። የእጅ ባትሪ ነበረ፤ ድንጋዩ ወጥቶ ለሬዲዮ ሆነ።

ሕግ ሲነሳበት ደግሞ መልሱ አንድ ነው፤ «ቤቴ ነው!» በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፤ ግን ጥቃቱ ሕገ ወጥና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይቻል፣ አጸፋውም ተመጣጣኝ ይሁን ይላል። አንቀጽ 79 ከወሰኑ ያለፈውን ይመለከታል፤ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለውን። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም አለ። ይህን ሁሉ ማንበብ ፋታ ላለው ሰው ነው። ጎመን መደብ ውስጥ የተኙ አማት የትኛውን ጥቃት እንደሰነዘሩ ዳኛ ፊት ሲቀርብ ያስረዳል።

በማግሥቱ ጠላ ቤት ውስጥ ወሬው ደርቷል። ሌባው አንድ አልነበረም፤ ሦስት ነበሩ። ሁለተኛው ዙር ሲቀዳ አምስት ሆኑ፤ አንደኛው ቦምብ ይዟል። ሁሉም ሸሽተዋል። አንድ ነገረኛ ሽማግሌ «ታንከሩስ ከየትኛው ወገን ነበረ?» ቢል በዓይን ገረመሙት። የማድቤቷ ባለቤት ግን አልመጣችም፤ ግድግዳዋን እየመረገች ነበር።

ጀግናው ከዚህ ሌሊት ትምህርት አልወሰደም የሚል ካለ ተሳስቷል። ሁለት እርምጃ ወስዷል። የመጀመሪያው፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ከቤተሰቡ ማንም ወደ ጓሮ እንዳይወጣ አዟል፤ ለአማቱም ፖፖ ገዝቶላቸዋል። ሁለተኛው፣ ተጨማሪ ካዝና ገዝቷል። የበሩ መወርወሪያ ደመወዝ ሲወጣ ይታያል።