ባዶ ፍላሽ ያለው ማነው?

ድሬዳዋ ውስጥ ኮምፒውተር የግል ዕቃ አይደለም። ገንዘቡን አንድ ሰው ሊያወጣ ይችላል፤ ዊንዶውስ የሚጫነው ግን በሰፈር ነው። ሌላ አገር ያለ ወጣት ክፍሉን ቆልፎ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ብቻውን ይጭን ይሆናል። እዚህ በር መዝጋት ነውር ነው። ደግሞስ በዚህ ሙቀት ማን በር ይዘጋል?

በቅርቡ ተረኛው የአክስቴ ልጅ ነበር። ዕቃውን አንድ በአንድ ለቃቅሞ ከታይዋን ገዛና ራሱ ገጣጠመው። ታይዋን ስል የኛን ገበያ ማለቴ ነው። አክስቴ ማዘርቦርዱን አገላብጣ አየችና "የት ነው የሚሠራው?" አለችው።

"ኩባንያው የታይዋን ነው።"

"እዚሁ ተሠርቶ ነው ይሄን ሁሉ ብር ያስከፈሉህ? ቆይ ሄጄ ላናግራቸው!"

ሲገጣጥም ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ብሎን ማሰር ማንን ያጓጓል? ሰው የተሰበሰበው ስክሪኑ ሲበራ ነው፤ ሰዓቱ ደግሞ ከምሳ በኋላ፣ ፍራሹ ተነጥፎ በርጫው የተጀመረበት። ጥቁር ስክሪን ላይ የሚነሳበት ሲስተም እንዳጣ የሚናገር ነጭ ጽሑፍ መጣ። አጎቴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። ወዲያው ፈረደ፤ "ተቃጥሏል።" ልጁ ዲስኩ ባዶ ስለሆነ ነው ብሎ ቢያስረዳው ደግሞ "አዲስ ዕቃ ባዶውን ይሸጣል እንዴ?" ብሎ ተቆጣ።

ለመጫን ቢያንስ 8 ጊጋ የሚይዝ ፍላሽ ያስፈልጋል። ዊንዶውሱ ሲጻፍበት በውስጡ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው፤ ድሬዳዋ ውስጥ ፍላሽ ሞልቷል፣ ባዶ ፍላሽ ግን የለም። የአንዱ መንዙማ ነው፣ የሌላው መዝሙር፣ የሌላው የልጁ ምርቃት። አንዷ ጎረቤታችን ያላት ፍላሽ የሰርጓ ቪዲዮ ያለበት ነው። ባሏን ከፈታች ቆይታለች። "ታዲያ ምን ያደርግልሻል?" ስትባል "ቬሎዬ ያምራላ!" ብላ አልሰጥም አለች። በመጨረሻ ከከዚራ ሳቢያን የሚሠራው ባለባጃጅ ራራልን። ዘፈኖቹ በጎረቤት ላፕቶፕ ውስጥ በአደራ ተቀመጡ፤ እሱም ያን ቀን ያለ ሙዚቃ ሠራ። ውለታ ማለት ይሄ ነው።

ከዚያ የትኛው ይጫን የሚለው ክርክር ተነሳ። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጅ "በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ ጫኑ፣ ነፃ ነው" አለ። ነፃ ሲል ቤቱ በሙሉ ተጠራጠረው። ማን ነው በነፃ የሚሰጥ? ምን ፈልጎ? ሳይከፈልበት በክራክ ተከፍቶ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን ዊንዶውስ ግን ሁሉም ያለ አንዳች ጥርጣሬ "ኦርጅናል" ይለዋል። ሌላው ዊንዶውስ 10 ይሻላል ብሎ ቀረበ። ተማሪው ማይክሮሶፍት ለእሱ የሚሰጠውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ማቆሙን ነገረው። "ዋርያ፣ እኔን መቼ ደግፎኝ ያውቃል?" አለ ሰውየው፣ ጫቱን እየቀነጠሰ። ቢሆንም 11 አሸነፈ። ቁጥሩ ይበልጣል።

ሶኬቱ አንድ ነበር፤ ቬንትሌተሩ ይዞታል። ኮምፒውተሩ ከጎረቤት ኤክስቴንሽን እስኪመጣ ጠበቀ። ሲበራ ከፍላሹ እንዲነሳ ወደሚታዘዝበት ገጽ ለመግባት ዲሊት የምትባለዋን ቁልፍ ቶሎ ቶሎ መጫን ያስፈልጋል፤ ካለፈች እንደገና ማጥፋት ነው። ልጁ ጣቱን አዘጋጅቶ ሳለ ከኋላው ያለው ሁሉ "አሁን! አሁን! አቦ አሁን!" ይላል። ቁልፏን እሱ ይንካት፣ ባለባጃጁ ይንካት አልተለየም። ብቻ ገባ።

መጀመሪያ የሚጠይቀው ቋንቋ ነው። አጎቴ "ፈረንሳይኛ አድርገው" አለ። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማሽን የሚገባው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ብቻ ነው ብሎ ያምናል። አልሰሙትም፤ እስከ ማታ አኮረፈ። ቀጥሎ ያ ረጅም ውል መጣ። በዕድራችን መተዳደሪያ ደንብ ላይ አንዲት ቃል ለመቀየር አገር ምድሩን የሚያዳርሱ ሰዎች እዚህ ሲደርሱ በአንድ ድምፅ "እስማማለሁ በለው፣ እለፈው" አሉ። አንድ መስመር ያነበበ የለም። ቤታችንን አስይዘን እንደሆነም አላውቅም።

መቶኛው ሲቆጥር ምርቃናው ደረሰ። በዚህ ሰዓት ሁሉም መሐንዲስ ነው። አንዱ የድሬዳዋን ሙቀት ወደ መብራት የሚቀይር ፋብሪካ ጀመረ፤ ሌላው ያንኑ ፋብሪካ ለሽያጭ አቀረበ።

ከዚያ ዊንዶውሱ ኢንተርኔት ጠየቀ። 11 ያለ ኢንተርኔትና ያለ ማይክሮሶፍት አካውንት ወዲያ አላሳልፍም ይላል። ዋይፋዩን የሚያሠራው ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም ገና ስላልተጫነ ስልክ በኬብል ተሰክቶ ዳታ ማጋራት አለበት። ልጁ ዞር ብሎ "ፓኬጅ ያለው?" አለ። ያ ሁሉ መሐንዲስ ዝም። አንዱ ጫቱን መረጠ፣ አንዱ ስልኩን ፍራሹ ሥር ሸጎጠ። ያዳነችን አክስቴ ናት፤ አረብ አገር ካለች ልጇ ጋር ለመተያየት ከገዛችው ላይ ቆርሳ ሰጠች።

ሰዓት ሲስተካከል ዝርዝሩ ውስጥ የኛ ከተማ የለም። አዲስ አበባም የለችም። የኛን ሰዓት የያዘችው ናይሮቢ ናት። "በድሬዳዋ ሰዓት ኬንያ ምን አገባት?" ተባለ፤ ግን አቤት የሚባልበት ቢሮ ስለሌለ ታለፈ።

ሲያልቅ መጀመሪያ የተከፈተው ፋይል ያ ሰርግ ነው። ጎረቤታችን ፍላሿን ራሷ ይዛ መጣች፣ ራሷ ሰካችው። ቬሎው እውነትም ያምራል። ሙሽራው ብቅ ሲል ግን ፊቷ ተለወጠ።

"አንተ ልጅ፣ ይሄን ሰውዬ ብቻ የሚያጠፋ ፕሮግራም የለህም?"

"አለ" አላት። "ግን ፓኬጅ ይፈልጋል።"