ከእጁ በፊት እግሩን እንይ

እ.ኤ.አ. በ2024–25 የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ (ኤንቢኤ) ውድድር ዘመን የአትላንታ ሆክሱ ዳይሰን ዳንኤልስ 229 ጊዜ ኳስ ነጥቋል። ጋሪ ፔይተን በ1995–96 231 ጊዜ ከነጠቀ ወዲህ ይህን ያህል የነጠቀ አልነበረም። ስለዚህ ወጣት አውስትራሊያዊ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሣውም ይኸው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ሙያውን ግን አያሳይም።

ነጠቃ ብቻውን አሳሳች መለኪያ ነው። ተከላካይ ኳስ አገኛለሁ ብሎ ዘሎ ከሳተ፣ የቀሩት አራት ጓደኞቹ አምስት አጥቂ እንዲጠብቁ ይፈረድባቸዋል። ይህን ኪሳራ የሚመዘግብ ሰው የለም። ዳንኤልስን በጥሞና ለተመለከተው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኳስ የያዘው ተጫዋች፣ ቆሞ የተከላካዩን መንገድ የሚዘጋለትን ጓደኛውን እንደ ከለላ ታክኮ ሲያልፍ፣ ዳንኤልስ ትከሻውን አጥብቦ በሁለቱ መካከል ይሾልካል። ለአፍታ ወደ ኋላ ይቀራል፤ አይቆምም። በጎን እየተከተለ፣ ኳሱ ከወለሉ ነጥሮ ወደ እጅ በሚመለስባት ቅጽበት ረጅም ክንዱን ከኋላ ይሰድዳል። ባይነጥቀው እንኳ በጣቱ ጫፍ ነክቶ የታሰበውን ያበላሻል። እጁን እዚያ ያደረሰው እግሩ ነው።

ይህ ችሎታ አትላንታ ሲደርስ የተፈጠረ አይደለም። የኒው ኦርሊንስ ቡድን በ2022 ከአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ 8ኛ አድርጎ ወስዶት ለሁለት ዓመት በአብዛኛው ከተጠባባቂ ወንበር እያስነሣ አጫወተው። በሁለተኛው ዓመት በአማካይ 5.8 ነጥብ ነበረው። በ2024 ክረምት በዲጆንቴ መሬይ ልውውጥ ወደ አትላንታ ሲሄድ ብዙው ሰው ያወራው ስለ መሬይ ነበር። አሠልጣኙ ኩዊን ስናይደር ግን ቋሚ ተሰላፊ አድርገው የተቃራኒውን ዋና ኳስ ያዥ በየምሽቱ እንዲጠብቅ ሰጡት። ነጥቡ ወደ 14.1 ከፍ አለ፤ የዓመቱ እጅግ የተሻሻለ ተጫዋች ተባለ።

ማቲስ ታይቡልን አስታውሱ። እሱም ለአውስትራሊያ ተጫውቷል፤ እሱም ድንቅ ነጣቂ ነው፤ በ2021 እና በ2022 በሁለተኛው ምርጥ የተከላካዮች ቡድን ተመርጧል። ሆኖም ተቃራኒ ቡድኖች ውርወራውን ስለማይፈሩት ሳይጠብቁት ይተዉት ነበር። በ2021 ቡድኑ ፊላደልፊያ ከአትላንታ ጋር በጥሎ ማለፍ ባደረገው ሰባተኛና የመጨረሻ ጨዋታ ጓደኛው ቤን ሲመንስ ከቅርጫቱ ሥር ኳሱን ለታይቡል አቀበለው፤ ጥፋት ተሠራበት፤ ከሁለት ነጻ ውርወራ አንዱን ሳተ። በመጨረሻው ደቂቃ ደግሞ የአትላንታው ኬቨን ኸርተር ሦስት ነጥብ ሲወረውር ታይቡል ጥፋት ሠራበት፤ ኸርተር ሦስቱንም አስገባ። በ2023 ታይቡል ወደ ፖርትላንድ ተዛወረ።

ለዚህ ነው ስለ ዳንኤልስ የምጨነቀው። በዚያ ምርጥ ዓመቱ እንኳ ከነጻ ውርወራው የገባለት 59 በመቶ ገደማ፣ ከሦስት ነጥቡ 34 በመቶ ነበር። ሜዳ ላይ ያቆየው ያለ ኳስ ወደ ቅርጫቱ መሮጡና ከሁለት ሦስት እርምጃ ከፍ አድርጎ የሚለቃት ለስላሳ ውርወራ ናት። አትላንታ ተጨማሪ ነጠቃ ከሚጠይቀው እነዚህን ቢያሳድግለት ይሻላል።

ሲጫወት ካያችሁት ኳሱን ትታችሁ የሚጠብቀውን ሰው ተከተሉ። ያ ሰው መሐል ሜዳውን ሳይሻገር ጀርባውን ያዞራል፤ ለማጥቃት የተሰጠው ሰዓት ከ24 ሰከንድ ወደ 14 ይወርዳል፤ በመጨረሻም ኳሱን ለሌላ ሰጥቶ ወደ ጥግ ይሄዳል።