ሁለቱ ሲጉርድሰኖች ወንድማማቾች አይደሉም

የ2016ቱን የአውሮፓ ዋንጫ ያየ ሰው ያቺን ጨዋታ አይረሳትም። ኒስ ከተማ ላይ፣ እንግሊዝ ከአይስላንድ። ሩኒ ገና በ4ኛው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት ሲያገባ "በቃ፣ አለቀላቸው" አልን። በ6ኛው ደቂቃ ራግናር ሲጉርድሰን አቻ አደረገ፣ ሲግቶርሰን ደግሞ ሁለተኛውን ጨመረና 2 ለ 1 እንግሊዝ ወደ ቤቷ ተሸኘች።

እኛ የነበርንበት ቤት ግን ጭቅጭቁ ሌላ ነበር። ሜዳ የገቡት የአስራ አንዱም ስም በ"ሰን" ነው የሚያልቀው። ሲጉርድሰን ደግሞ ሁለት ናቸው፤ ተከላካዩ ራግናርና አማካዩ ጊልፊ። "ወንድማማቾች ናቸው" ብሎ አንዱ ጓደኛችን በማኪያቶ ተወራረደ። ተበላ። የሁለቱም አባት ሲጉርዱር ይባላል እንጂ ዝምድና የላቸውም። ብሔራዊ ቡድናችን ውስጥ ሁለት "ከበደ" ቢኖሩ ማን በዚህ ይወራረዳል?

ስለ አይስላንድ ሰው የሚጠይቀው ብዙ ነው። ጦር ሠራዊት የላቸውም? የላቸውም። ሙቅ ውሃው እውነት ከመሬት ሥር ነው የሚመጣው? አዎ፣ ሬይካቪክ ውስጥ ሻወር ሲከፈት እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ ድኙ ነው። ሕዝቡ ስንት ነው? 400 ሺህ አይሞላም፣ ኮልፌ ቀራኒዮ ብቻውን ይበልጣቸዋል። እኔን የሚገርመኝ ግን ፈረንጅ ስለ ስማቸው "ጉድ ነው" እያለ ሲያወራ ነው። ምኑ ነው ጉዱ? የእኛው የቤት ጉዳይ አይደል እንዴ!

ዮን የሚባል ሰው ኦላፉር የሚባል ወንድ ልጅ ቢወልድ ልጁ "ኦላፉር ዮንሰን" ይባላል፣ የዮን ልጅ ማለት ነው። ሴቷ አና ደግሞ "አና ዮንስዶቲር"። እናትየው አገባሁ ብላ የአባቷን ስም አትለውጥም። ዮንም የሚጠራው በገዛ አባቱ ነው። አንድ ቤት፣ አራት የተለያየ "የቤተሰብ ስም"። ከእኛ የሚለዩት ወንድና ሴቱን በመለየታቸው ነው። የእኛዋ ሰላማዊት ከበደ "ውድ ሚስተር ከበደ" የሚል ኢሜይል ሲደርሳት ስንቴ ስቃለች፣ አይስላንዳዊቷ ቢያንስ ከዚህ ድናለች። በእናት መጠራትም ይቻላል። በፕሪሚየር ሊግ ለፉልሃምና ለቦልተን የተጫወተውን ሄይዳር ሄልጉሰንን የምታስታውሱ፣ ሄልጋ እናቱ ናት።

የታተመው የስልክ ማውጫቸው ይደረደር የነበረው በራስ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በሕዝብ ምርጫ በዓለም የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት የሆነችውን ቪግዲስ ፊንቦጋዶቲርን 16 ዓመት ሙሉ "ቪግዲስ" ነው ያሏት። ኃይሌንስ ከፈረንጅ ኮሜንታተር በቀር "ገብረሥላሴ" ብሎ የሚጠራው ማን አለ?

እዚህ ድረስ እኩል ነን። የምንለያየው ሕጉ ላይ ነው።

አይስላንዶች ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲጀምር እንደ ዴንማርክ ሰዎች ቋሚ የቤተሰብ ስም መያዝ አምሯቸው ነበር፤ በ1913 ሕግም ተፈቅዶ ነበር። በ1925 ግን ፓርላማቸው "የያዛችሁ ያዙ፣ አዲስ ማውጣት ግን ክልክል ነው" አለ። በቼልሲና በባርሴሎና የምናውቀው ጉድዮንሰን ከድሮዎቹ ባለ ቤተሰብ ስሞች አንዱ ነው፣ አባቱም ጉድዮንሰን ነው። (በ1996 ታሊን ላይ አባቱ ሲወጣ እሱ ተቀይሮ ገባ፤ አባትና ልጅ፣ በአንድ ብሔራዊ ቡድን!) የእኛ የ1952ቱ (በእኛ አቆጣጠር) የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በተቃራኒው ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም አለው ይላል። ማን ሰማው? እኔ እስከ ዛሬ አንድ ሰው አላጋጠመኝም። እነሱ በሕግ የጠበቁትን እኛ በልማድ ብቻ ጠበቅነው፣ ሕጋችንን ችላ ብለን።

አገር ቤት ልማዱ ይበቃል። ቦሌን ሲሻገሩ ግን አይበቃም። አይስላንዳዊ ውጭ አገር ቢኖርም ከጀርባው "ባህላችን ይህ ነው" የሚል መንግሥትና ሕግ አለው። የእኛ ሰው ፎርሙ ፊት ብቻውን ይቆማል፤ "የቤተሰብ ስም" የምትለዋን ሳጥን ባዶ መተው አይቻልም፣ ሠራተኛው ቸኩሏል፣ ከኋላው ሰልፍ አለ፣ ስለዚህ የመጣለትን ይጽፋል። ኤምባሲዎቻችን የእኛን አጠራር የሚያስረዳ አንድ ገጽ ደብዳቤ አዘጋጅተው ለጠየቀ ሁሉ ቢሰጡ ምን ይከብዳል?

እነሱም ግን ያበዙታል፣ ይህን ሳልል ባልፍ ልክ አይሆንም። ከ1991 ጀምሮ አዲስ ስም የሚመረምር ኮሚቴ አላቸው። እናቷ ለስላሳ ነፋስ የሚል ትርጉም ያለው ስም ያወጣችላት ልጅ "ይህ የወንድ ስም ነው" ተብላ፣ በመንግሥት ወረቀት ላይ ለዓመታት "ልጃገረድ" ተብላ ኖራለች። በ15 ዓመቷ፣ በ2013 ፍርድ ቤት ፈረደላት። እንዲህ ያለ ኮሚቴ እኛ ጋ ቢቋቋም፣ "ማን ያዘዋል"ንና "ይበቃል"ን የሚያሳልፍ ይመስላችኋል?

ማኪያቶውን የተበላው ጓደኛችን አሁን ጀርመን ነው። ባለፈው ዓመት ወንድ ልጅ ወለደ። ሲያስመዘግበው የቤተሰብ ስም ሲሉት የራሱን አባት ስም ሰጠ፣ እንደ ብዙዎቹ። ፎቶውን ከነልደት ወረቀቱ በቴሌግራም ላከልን። አባትና ልጅ፣ ሁለቱም የከበደ ልጆች። ወረቀቱን አገር ቤት ያለ ሰው ቢያየው ወንድማማቾች ናቸው ብሎ ነው የሚወራረደው።