ክንፉ ሥር የተሰቀለው

ወገኖቼ፣ የጦር አውሮፕላን ስናይ ማጨብጨብ ይቀናናል። ሰሞኑን ቢሾፍቱ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር፤ አጠገቤ ያሉ ወጣቶች በስልካቸው የአየር ድብደባ ያያሉ። ቦምቡ ሲፈነዳ ወደ ኋላ ይመልሱና ደግመው ያዩታል፤ ይስቃሉ። ጭሱ ሥር ማን እንዳለ የጠየቀ አልነበረም። እነሱን ብቻ አልወቅስም፤ ይህ ሳቅ በየቤታችን አለ።

ያውም በቢሾፍቱ! በ1938 ዓ.ም. ገደማ መጥቶ አየር ኃይላችንን ዐሥር ዓመት ያህል ያደራጀው ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የሠራው እዚያ ነው። ሳብ 17 የተባሉት ቦምብ ጣዮች የደረሱን በእሱ ዘመን ነው። ስንቶቻችን ስሙን እናውቃለን?

ይህ ሰው ቦምብን ከላይም ከታችም ያውቀው ነበር። በ1928 ዓ.ም. በቀይ መስቀል አውሮፕላን ቁስለኞቻችንን ሲያመላልስ የጣሊያን የሰናፍጭ ጋዝ ገላውን አቃጥሎታል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል መልካ ዲዳ ላይ ከአየር ተደብድቧል። በ1932 ዓ.ም. ደግሞ ፊንላንድ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ስትዋጋ፣ ለመንገደኛ የተሠራ ዲሲ 2 አውሮፕላን ወደ ቦምብ ጣይነት ተለውጦ እሱ ራሱ አበረረው። (የአክስቱ ባል የናዚ አየር ኃይል አዛዥ ኸርማን ጎሪንግ ነበር፤ ዘመድ አይመረጥም።)

ቅዱስ ነበር አልላችሁም። በ1961 ዓ.ም. ከናይጄሪያ ለመገንጠል ትዋጋ ለነበረችው ለቢያፍራ ወግኖ፣ በትንንሽ የስዊድን አውሮፕላኖች ክንፍ ሥር ሮኬት አስገጥሞ የናይጄሪያን አየር ማረፊያዎች መትቷል። የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። በ1966 ዓ.ም. ገደማ፣ አገራችን በረሃብ ስትመታ፣ ከዚያው ፋብሪካ የወጡ ትንንሽ አውሮፕላኖችን ይዞ መጣ። ክንፋቸው ሥር የተሰቀለው ግን ሮኬት ሳይሆን የእህል ጆንያ ነበር። መኪና በማይደርስበት ቦታ መሬት ሊነካ እስኪቃረብ ዝቅ ይልና ጆንያውን ያለ ጃንጥላ ይጥለዋል። እስቲ ይህን አስቡት፦ ከፍ ቢል ጆንያው ይፈርጣል፣ እህሉ አፈር ይሆናል፤ ሰው ላይ ቢወርድ ይገድላል። ዒላማ መምታት የተማረ እጅ ይጠይቃል፤ እጁ ደግሞ የተማረው በጦርነት ነበር።

ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ፣ የሶማሊያ ኃይል ከተማዋን ሲያጠቃ ተገደለ። የ67 ዓመት ሰው ነበር፤ ወደዚያ የሄደው ለእርዳታ ሥራ ነው።

ልጆቻችሁ ስልካቸውን ዘርግተው ፍንዳታ ሲያሳዩአችሁ አብራችሁ አትሳቁ። ይልቅስ ጠይቋቸው፤ እዚያ ቤት ውስጥ ማን ነበር በሏቸው። ጀግንነትን በወደቀ ቦምብ ብዛት የምትቆጥሩ ካላችሁ፣ ፎን ሮዘን የጣለውን ጆንያም አብራችሁ ቁጠሩ።

እኔ ግን ያን ዕለት ምንም አልተናገርኩም። የሻዬን ሒሳብ ከፍዬ ወጣሁ።