ከሻንጣው በፊት ቀኑ ይቆጠር

ወደ ውጭ አገር ሊጓዝ የተነሣ ሰው ዝግጅቱን ብዙውን ጊዜ በሻንጣ ይጀምራል። የሚለበሰው ይመረጣል፣ ስጦታው ይታሰራል፣ ኪሎው ደጋግሞ ይመዘናል (በመጨረሻው ምሽት ሻንጣውን ከፍቶ እንደገና ያልደረደረ መንገደኛ ካለ እኔ አላውቀውም)። የተረሳ ልብስ ግን በደረሱበት አገር ይገዛል፤ ሊያበቃ አምስት ወር የቀረው ፓስፖርት በአውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ በምንም ገንዘብ አይታደስም። በእኔ እምነት የውጭ ጉዞ ዝግጅት በመጀመሪያ ከመነሻው ዕለት ወደ ኋላ የሚሠራ የቀን ስሌት ነው፤ የዕቃው ነገር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ስሌቱ በተለይ የሚሳተው በፓስፖርቱ ላይ ነው። ባለቤቱ የሚያየው የታተመውን የማብቂያ ቀን ሲሆን፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ቢያንስ 6 ወር የቀረው ፓስፖርት ያልያዘ እንግዳ አንቀበልም የሚሉ አገሮች በርካታ ናቸው። የአውሮፓ የሸንገን አገሮች (በመካከላቸው ያለውን የድንበር ቁጥጥር ያስቀሩት) ደግሞ ፓስፖርቱ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የተሰጠና ከቀጣናው ከሚወጡበት ቀን በኋላም ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል እንዲሆን ይጠይቃሉ። ይህን አስቀድሞ የሚያጣራው የመዳረሻው አገር የኢሚግሬሽን ሹም ሳይሆን፣ በመነሻው ጣቢያ ሻንጣ የሚረከበው የአየር መንገድ ሠራተኛ ነው። ሰነዱ ያልተሟላ መንገደኛ አሳፍሮ የተገኘ አየር መንገድ በብዙ አገሮች ይቀጣል፣ ተጓዡን የመመለስ ኃላፊነትም ይወድቅበታል፤ ስለዚህ የዚያን ሠራተኛ ጥብቅነት እንደ ክፋት መቁጠር ተገቢ አይመስለኝም። ድንበሩ በተግባር የሚጀምረው ከእርሱ ጠረጴዛ ነው።

ርካሽ ናቸው ተብለው ለየብቻ የተገዙ ሁለት ቲኬቶችም መዘዛቸው እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። በአንድ ቲኬት የሚጓዝ ሰው ሻንጣው አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ እስከ መጨረሻው መዳረሻ ይሄድለታል። ሁለቱን የነጣጠለው ግን በመሸጋገሪያው ከተማ ሻንጣውን ተረክቦ እንደገና ማስመዝገብ ሊኖርበት ይችላል፤ ለዚህም በኢሚግሬሽን ማለፍ፣ እንደ ፓስፖርቱ ዓይነትም የዚያን አገር የመግቢያ ቪዛ መያዝ ግድ ይሆንበታል። የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጠው ደግሞ ሁለተኛውን ቲኬት የሸጠው አየር መንገድ በሌላ አውሮፕላን እንዲያሳፍረው የሚያስገድደው ውል የለም። ቲኬት ቆራጩ ሁሉንም ያውቅልኛል ብሎ መተው ብልህነት አይደለም፤ እርሱ የሸጠው መቀመጫ ነው።

የቪዛው ጊዜም እንዲሁ ነው። የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ሊገባ ይችላል፤ የመጨረሻው ገደብ ደግሞ ከጉዞው 15 ቀን በፊት ነው። ውሳኔው በመደበኛው አሠራር 15 ቀን ቢወስድም፣ ተጨማሪ ማጣራት ካስፈለገ እስከ 45 ቀን ሊራዘም ስለሚችል፣ የመጨረሻውን ገደብ ጠብቆ የሚያመለክት ሰው ጉዞውን በዕድል ላይ ጥሎታል። ለዚሁ ቪዛ የሚጠየቀው የጉዞ መድን ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት፤ መድን የማይጠይቅ አገር የሚሄድ ሰውም ቢገዛው እመክራለሁ፣ ከመግዛቱ በፊት ግን ነባር ሕመሙ በውሉ መካተቱን ያንብብ።

ቢጫ ወባ ላይ ሌላ ስሌት አለ። አንዳንድ አገሮች ለመግባት የሚጠይቁት የክትባቱ ምስክር ወረቀት ሥራ ላይ የሚውለው ከተከተቡ 10 ቀን በኋላ በመሆኑ፣ በጉዞው ዋዜማ የተከተበ ሰው የሚይዘው ካርድ ገና ዋጋ ያላገኘ ነው። በአንጻሩ ከሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ የምስክር ወረቀቱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ «10 ዓመት አልፎታል» ተብሎ እንደገና መከተብ ለምስክር ወረቀቱ ሲባል አያስፈልግም። ቤት ውስጥ እንደ ቀላል ነገር የሚዋጥ መድኃኒትም ሌላ አገር እንደ አደንዛዥ ዕፅ ሊቆጠር ይችላል፤ ኮዴይንና ትራማዶል ያለፈቃድ እንዳይገቡ የሚከለክሉ አገሮች አሉ። መድኃኒት ከነማሸጊያውና ከሐኪም ማዘዣው ጋር መያዝ ይኖርበታል፤ ፈቃድ የሚጠየቅ ከሆነም ጥያቄው ከጉዞው ሳምንታት አስቀድሞ መቅረብ አለበት።

ስለ ሻንጣው ራሱ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፓወር ባንክ የሚገባው በእጅ ቦርሳ እንጂ ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ አይደለም፣ ከ100 በላይ እስከ 160 ዋት ሰዓት (የባትሪው የኃይል መጠን መለኪያ) ከሆነም የአየር መንገዱ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

የፓስፖርቱና የቪዛው ቅጂ እቤት ለሚቀር ሰው ይሰጥ። ፓስፖርት የጠፋበት ሰው ቆንስላ ሲቀርብ ቅጂው ማንነቱን የማጣራቱን ሥራ ያቀለዋል። ስልኩ አብሮ ከጠፋ ግን ያንን ሰው የሚያገኝበት መንገድ ስለማይኖረው፣ ቁጥሩን ከመነሣቱ በፊት በቃሉ ይያዘው።