ሪሞቱን አስቀምጬ የዋልኩበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ጣለኝ። ሥራ ቀረሁ። ስልክ ማየቱ ራሴን ሲያዞረኝ ጋቢዬን ተከናንቤ ሶፋ ላይ ጋደም አልኩና ቢቢሲ ዋንን ከፈትኩ። ከዚያ ወዲያ ሪሞቱን አልነካሁም። የመጣውን ሁሉ አየሁ። ይሄን ያህል ዘመን ለንደን ስኖር እንዲህ አድርጌ አላውቅም።

መጀመሪያ በሰዓት እንግባባ። የእነሱ «የስድስት ሰዓት ዜና» ለእኛ የአሥራ ሁለት ሰዓቱ ነው። ሁለቱን እየቀላቀልኩ እንዳላምታታችሁ፣ ሰዓቱንም ዓመቱንም በእነሱ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ጠዋቱ ብዙም የሚወራለት አይደለም። ቀይ ሶፋ፣ የአየር ጠባይ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ተመልሶ የሚመጣ ያው ዜና።

ጉዱ የሚጀምረው ከ11 ሰዓት በኋላ ነው። ቤት፣ ቤት፣ አሁንም ቤት። «ሆምስ አንደር ዘ ሀመር» የሚባል ፕሮግራም አለ፤ በጨረታ የተሸጡ የፈራረሱ ቤቶችን ከ2003 ጀምሮ ያሳያል። ሳያየው የገዛ እንኳ አይጠፋም። ጣሪያው ያፈሳል፣ ግድግዳው ሻግቷል። ከወራት በኋላ ካሜራው ሲመለስ ግድግዳው ነጭ፣ ወለሉ ግራጫ ሆኗል። ደላላ ገብቶ ዋጋ ይገምታል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ «እስኬፕ ቱ ዘ ካንትሪ» ይመጣል። ከተማ የሰለቻቸው ባልና ሚስት ገጠር ወርደው ቤት ያያሉ። ወጥ ቤቱን ያደንቃሉ፣ አትክልቱን ያደንቃሉ፣ ብዙዎቹ ሳይገዙ ይመለሳሉ። እኔም የኪራይ ኑሮዬን ረስቼ «መታጠቢያ ቤቱማ ጠቧል» እያልኩ አቃቂር አወጣለሁ።

በሥራ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ቤት የሚውለው ማነው? ጡረተኛ፣ ሕመምተኛ፣ አራስ፣ የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ የገባ። ለእነዚህ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ቤት ማሳየት፣ ለጾመኛ ክትፎ እንደማሳየት ነው።

በመሃል «ባርጌን ሀንት» አለ። ቀይና ሰማያዊ ቡድን ለየራሳቸው 300 ፓውንድ ይሰጣቸዋል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ሦስት ነገር ገዝተው ጨረታ ላይ ያወጡታል። ትርፍ ከተገኘ የእነሱ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ይከስራሉ፣ እየሳቁ። መርካቶን ለሚያውቅ ሰው ይሄ ሕመም ነው። ከተጠራላቸው ዋጋ ላይ አሥር ፓውንድ ካስቀነሱ እንደ ጀግና ይተያያሉ። ከምናለሽ ተራ አንድ ጎረምሳ ብንልክላቸው ባለሱቁ ራሱ ዕቃውን ጥሎ ይሄዳል።

ግን ይሄ ቀላል ፕሮግራም ከአንድ ትልቅ ቀን ጋር ተያይዞ ቀርቷል። ሴፕቴምበር 8 ቀን 2022፣ ከቀኑ 12 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል፣ «ባርጌን ሀንት» እየታየ ድንገት ተቋረጠ። የንግሥት ኤልሳቤጥ ጤና ሐኪሞቻቸውን አሳስቧል ተባለ። ከዚያ በኋላ መደበኛው ፕሮግራም ቀረ። የዜናው አቅራቢ ጥቁር ክራቫት አስሮ ቀረበ። ማታ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ማረፋቸው ተነገረ፣ ብሔራዊ መዝሙሩ ተሰማ። ስለ አሮጌ የሻይ ጀበና ጨረታ ሊያዩ የተቀመጡ ሰዎች የ70 ዓመት ንግሥና ሲያበቃ አዩ።

ነገሬም እዚህ ላይ ነው። ዛሬ ሁሉም «የፈለግከውን፣ በፈለግከው ሰዓት» ይላል። ኔትፍሊክሱ፣ ዩቲዩቡ፣ የቢቢሲው አይፕሌየር ራሱ። ሰዓት ተቆርጦለት በተራ የሚመጣ ፕሮግራም ያረጀ ያፈጀ ነገር ነው ይባላል። እኔ ግን እላለሁ፦ ትልቁ ጥቅሙ ያልጠየቅነውን ይዞ መምጣቱ ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይሄ የወሬ ማሟያ አይደለም። ኦክቶበር 23 ቀን 1984ን አስቡ። በእኛ ጥቅምት 13 ቀን 1977 መሆኑ ነው። የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ ከኮረም ያመጣው የረሃብ ዘገባ በቢቢሲ የቀን ዜና ላይ ወጣ፣ ማታም ተደገመ። ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ነበር። ሰባት ደቂቃ ቢሆን ነው። ያኔ በብሪታንያ የነበረው አራት ቻናል ብቻ ነው፤ አብዛኛው ሰውም ዜናውን የከፈተው ስለ ኮረም ሊሰማ አይደለም። ኮረም የምትባል ቦታ መኖሯን የሚያውቅስ ስንት ነበር? እራት ቀርቦ ነው፣ ከዜናው በኋላ የሚመጣውን ለማየት ነው። «ዛሬ ማታ ምን ልጋብዛችሁ? ኮሜዲ አለ፣ እግር ኳስ አለ፣ የኢትዮጵያ ረሃብ አለ» ቢባሉ ኖሮ ስንቱ ሦስተኛውን ይመርጥ ነበር? አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ራሱ ዘገባውን ያየው ቤቱ ቴሌቪዥን ከፍቶ ነው። በወሩ ለረሃቡ እርዳታ ማሰባሰቢያ የሚሆነው ዘፈን ተቀረጸ። በቀጣዩ ዓመት ጁላይ 13 ከዌምብሌይና ከፊላደልፊያ «ላይቭ ኤይድ» የተባለው የእርዳታ ኮንሰርት 16 ሰዓት ያህል ተላለፈ።

ያ ምስል ያተረፈልንን ጣጣ አላጣሁትም። እዚህ አገር ዛሬም «ከኢትዮጵያ ነኝ» ስል፣ ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ከሆነ ፊቱ ላይ ኮረም ትመጣለች። ይሄ ራሱን የቻለ ንዴት ነው፤ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ። ዘገባው ለዓለም የደረሰው ግን ሰው ሳይመርጠው ነው። ሞሐመድ አሚንም በ1996 ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ነበር የሞተው። ይሄን ሳስብ ሁሌ ይከብደኛል።

«እና ጣቢያው የሰጠንን ሁሉ እንዋጥ?» የሚለኝ ይኖራል። እውነቱን ነው፣ ነገሩ ልክ ሊያጣ ይችላል። ኤፕሪል 9 ቀን 2021 ልዑል ፊሊፕ ሲያርፉ ቢቢሲ ዋንም ቢቢሲ ቱም አንድ ዓይነት ነገር ብቻ ማሳየት ጀመሩ። ተከታታይ ድራማው «ኢስትኤንደርስ» ቀረ፣ የምግብ አሠራር ውድድሩ የ«ማስተርሼፍ» ፍጻሜም ቀረ። 110 ሺህ ገደማ ሰው «በቃን» ብሎ አቤቱታ አቀረበ። ለሟች የማያዝኑ ሆነው አይመስለኝም። ክፍያውም አለ፤ በ2025 የዓመቱ የቴሌቪዥን ፈቃድ 174.50 ፓውንድ ገብቷል። ቢቢሲን አላይም ብትሉ እንኳ የሌላ ጣቢያ የቀጥታ ሥርጭት ካያችሁ ትከፍላላችሁ። ደረሰኙ በመጣ ቁጥር እኔም አጉረመርማለሁ። ድሮ ደግሞ የባሰ ነበር። እስከ 1957 ድረስ ከምሽቱ 6 እስከ 7 ሰዓት ሥርጭት ይቋረጥ ነበር፤ ወላጆች ልጆቻቸውን አስተኝተው እንዲጨርሱ ተብሎ። መንግሥት እንደ ሞግዚት!

አንድ ላይ ማየት የራሱ ጉልበት አለው ግን፣ ያውም በሜጋዋት የሚለካ። በ1990 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ እንግሊዝና ምዕራብ ጀርመን ተጫውተው ሲያበቁ የአገሩ ሰው ሁሉ ተነስቶ ሻይ ጣደ። የኤሌክትሪክ ፍላጎቱ በአንዴ 2,800 ሜጋዋት ጨመረ። ከሕዳሴ ግድባችን 5,150 ሜጋዋት ከግማሽ በላይ ነው፤ ለሻይ።

ወደ ሶፋዬ ልመለስ። 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ «ፖይንትለስ» የሚባለው የጥያቄና መልስ ውድድር ጀመረ። አስቀድሞ መቶ ሰው ይጠየቃል፤ የሚያሸንፈው ብዙ ሰው ያላሰበውን ትክክለኛ መልስ የሚያውቅ ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች። ዓይኗ ስልኳ ላይ ነው።

«አባዬ፣ ይሄን ዝለለው።»

«አይዘለልም።»

«ለምን?»

«ቴሌቪዥን ነዋ።»

ግራ ገብቷት አየችኝ። ስለ አፍሪካ አገሮች ጥያቄ ሲመጣ ግን ስልኩ ወረደ። ተወዳዳሪው «ኬንያ» ከማለቱ፣ «ጅቡቲ በል እንጂ!» ብላ ጮኸችበት። ከዚያ እስከ መጨረሻው አልተነሳችም። 6 ሰዓት ሲሆን የዜናው ሙዚቃ ተሰማ። «በቃ፣ አሁን ቀይረው» አለች።

ሪሞቱ እኔ ጋ ነበር።